ማንም ያልሞተበት ድንኳን

ሐሙስ ቀትር ላይ ዮርዲ ካዛንቺስ ባለው ቢሮዋ፣ አምስተኛ ፎቅ መስኮት ሥር ተቀምጣ፣ ከቤት የቋጠረችውን ምሳ ሳትከፍት ኮምፒውተሯ ላይ አፍጥጣለች። የከፋው ሰው ትንሽም ቢሆን መቅመስ ነበረበት፤ ባዶ ሆድ ሐሳብን ክፉ ክፉውን መንገድ ያስይዘዋል። እሷ ግን ከጠዋት ጀምሮ ከአንድ ብርጭቆ ሻይ በቀር የቀመሰችው የለም።

በመስኮቱ ወደ ታች ቢያዩ የተወለደችበት ሰፈር የለም። ፈርሶ፣ ተደልድሎ፣ ሰፊ መንገድና የተተከለ ሣር ሆኗል። ኮምፒውተሩ ላይ በተዘረጋው ሰሌዳ ግን አንዲትም ቤት አልፈረሰች። የልብስ ሰፊው በረንዳ አለ። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ የሚቋጥረው ኮረኮንች አለ። ከቀዩ በር ሥር የማይነሳው አሮጌ ውሻ ሳይቀር ተሥሏል። መሀል ላይ ደግሞ ቦኖው፣ ሰዉ ጀሪካኑን አሰልፎ ከውሃው ይልቅ ወሬ የሚቀዳበት የሰፈሩ ቧንቧ፤ ከጎኑም የእድሩ ዕቃ ቤት።

ሰሌዳው የተሠራው ለጨዋታ አልነበረም። የሰፈሩ ሰው ገሚሱ ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ ገሚሱ ቡልጋሪያ፣ ሌላውም ስሙ ካልተለመደ የከተማ ዳርቻ ተበትኖ ሲቀር፣ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ጋሽ ረጋሳ በስብሰባ መሀል ተነሥተው ጡሩምባቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ ጎተራ የሚደርስ ሳንባ የለኝም አሉ። ሰዉ ሳቀ።

ያ እድር ሥራ የሚያከፋፍለው በስም ዝርዝር ሳይሆን በቤት አቀማመጥ ነበር። ከለቅሶ ቤቱ በላይ ያሉት ድንኳን ይተክላሉ፣ በታች ያሉት ወንበር ያመጣሉ፣ አጥር የሚጋሩት ውሃና ብርጭቆ ያቀርባሉ። አሁን ታዲያ አጥር የሚጋራ ማን አለ? በኮንዶሚኒየም ግድግዳ የሚጋራህ ሰው ስሙን እንኳ አይነግርህም። ስለዚህ ዮርዲ ሰፈሩን ከልቧ እየቀዳች፣ እያንዳንዱን ቤት በትንሽ ካርድ መስላ፣ ኢንተርኔት ላይ ባለ ሰሌዳ ሣለችው። የአቶ ግርማይ ልጅ ሃፍቶም ደግሞ ሰሌዳውን ሁሉም በስልኩ ከሚያየው የሥራ ዝርዝር አፕ ጋር አገናኘው። የአንድ ቤት ካርድ በሰሌዳው ጥግ ወዳለው ጥቁር የለቅሶ ክፈፍ ከገባ፣ ማያያዣው በየሰዓቱ እየዞረ ያይና ለጎረቤት ሁሉ የየድርሻውን ሥራ ይልካል። ለለቅሶ ቤቱ ብቻ አይልክም፤ ሐዘንተኛ አይታዘዝምና። ማን እንደሞተም አይጽፍም፤ መርዶ በስልክ አይነገርምና። ሥራው ተጠናቆ አፑ ላይ ምልክት ሲደረግበት ደግሞ፣ ሰሌዳው ላይ በዚያ ሥፍራ የተለጠፈ ወረቀት ሁሉ በራሱ ይነሣል።

«አውቶሜት አድርጌዋለሁ፤ እርስዎ ካርዷን መጎተት ብቻ ነው» ብሏቸው ነበር ሃፍቶም።

«እኔ ሰው ቀብሬ እንጂ ጎትቼ አላውቅም» አሉ ጋሽ ረጋሳ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እየሰቀሉ።

እንግዲህ ሁለቱ ልጆች በዚህ ሥራ ሰበብ ስድስት ወር አብረው አመሹ፤ ማለቴ፣ እሷ ጎተራ እሱ ቡልጋሪያ ሆነው፣ በአንድ ሰሌዳ ላይ። እሷ አንዱን ቤት ስታስቀምጥ እሱ በሩን ያርማል፤ እሱ አንዱን ዛፍ ሲረሳ እሷ ትተክላለች። በድሮው ሰፈር የአቶ ግርማይ ቤት ባለ ድንጋይ አጥሩ፣ ባለ ሁለት መኪናው ነበር። የዮርዲ አባት የአቶ አምኃ የቀበሌ ቤት ከዚያው አጥር ጀርባ ተለጥፋ ነበር። ሃፍቶም ቤቱ ውስጥ ሦስት ቧንቧ እያለው ለምን ቦኖው ጋ ይቆም እንደነበር ያኔ የጠየቀው ሰው የለም። ዮርዲ ግን ጀሪካኗ ሞልቶ እየፈሰሰ ዓይኗን የሰበረችባቸውን ቀኖች አንድ በአንድ ታስታውሳለች። አሁን ሰሌዳው ላይ፣ ከቦኖው ሥር በሚለጥፉት ወረቀት፣ ፊደሉን እንደ ጤፍ ፍሬ አሳንሰው ይጻጻፉ ነበር። ቀረብ አድርጎ ያላየ ሰው የውሃ ጠብታ ይመስለዋል።

ታዲያ ምን ያደርጋል። አቶ አምኃ ያረፉት ሰፈሩ በፈረሰበት ሳምንት ነው። ዕቃው መኪና ላይ፣ ጡሩምባው ካርቶን ውስጥ፣ ሰዉ መንገድ ላይ ነበር። መቃብሩ ዙሪያ የቆመው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። አቶ ግርማይ፣ ሠላሳ ዓመት አጥር የተጋሩት፣ ከአቶ አምኃ ጋር ዳማ ሲጫወቱ የሚመሹት ሰው፣ አልመጡም። በሦስተኛው ቀን አልመጡም። በአርባውም አልመጡም። ሃፍቶም ሽማግሌ ልላክ ሲል ዮርዲ ነገሩን ለእናቷ አነሣች። ወይዘሮ ሙሉነሽ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ያስተማሩ ሴት፣ የሚያርሙትን ደብተር ሳይዘጉ ነበር የመለሱላት።

«ያባትሽን ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ሽማግሌ ልኮ በሬን አያስከፍትም። እኔም የሱን ደጃፍ አልረግጥም። ቃሌ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ነው የሐዋሳው ነገር የመጣው። የሃፍቶም መሥሪያ ቤት ለሁለት ዓመት ሊልከው ፈለገ። በስልክ እንዳይነጋገሩበት የኮንዶሚኒየሙ ግድግዳ ስስ ነው፤ እናቷ ማዶ ናቸው። ሰኞ ዕለት ዮርዲ ከቦኖው ሥር ጻፈችለት። ሂድም አልልህም፣ ቅርም አልልህም፤ የእናቴ ልብ እስኪራራ የምትጠብቀኝ ከሆነ ግን እስከ ሐሙስ እዚሁ ጻፍልኝ አለችው።

ሐሙስ ይኸው ደረሰ። ከቦኖው ሥር ምንም የለም። የሱ መልስ ብቻ ሳይሆን የእሷም ደብዳቤ የለም። ቦታው እንደ ታጠበ ድንጋይ ነጭ ሆኗል።

አንብቦ ጠረገው አለች በልቧ። ደወለችለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። ሰው ስልኩን በስንት ምክንያት ይዘጋል፤ ቆየት ብላ ብትደውል ምን ነበረበት? ግን ያፈቀረች ልጅ መጠበቅ የምትችለው ደስ ሲላት ብቻ ነው። ሰሌዳው ላይ የነሱ ቤትና የአቶ ግርማይ ቤት ተደግፈው ቆመዋል። ያ መደጋገፍ ዋሾ መሰላት። የሱን ካርድ በጣቷ ያዘችና ከአጠገቧ ይራቅ ብላ ወደ ሰሌዳው ጥግ ገፋችው። እንባ ያቀረረ ዓይን የገፋው ነገር የት እንዳረፈ አያይም። ኮምፒውተሩን ከደነች። ደረቷ ውስጥ፣ ልክ ሰፈሩ በፈረሰ ማግስት እንደሆነው፣ ሰፊ ባዶ ሜዳ ተዘረጋ።

*

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከቢሮ ስትወጣ ነው ስልኳን ከቦርሳዋ ያወጣችው። እናቷ ሦስት ጊዜ ደውለዋል። ሲያጧትም ጽፈውላታል፦ «እኔ ሄጃለሁ። አንቺም ነይ።» ከሱ በላይ የእድሩ አፕ መልእክት ቆሟል።

«ለቅሶ፦ የአቶ ግርማይ ቤት። የዮርዳኖስ አምኃ ድርሻ፦ ውሃና ብርጭቆ።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ሰዉ ከላይ እየወረደ ዘለላት። የሃፍቶምን ስልክ እንደገና ሞከረች፤ ዝግ ነው። ከቀትር ጀምሮ ዝግ ነው። እንግዲያው ወደ ሐዋሳ ተነሥቶ ነበር፤ እንግዲያው የሞተው እሱ ነው፣ መንገድ ላይ። ለሌላ ሰው ደውላ ማን ነው የሞተው ብላ አትጠይቅ ነገር፣ ያን የሚያደርግ ልጅ በዚያ ሰፈር አልተወለደም። ለቅሶ ቤት ተሄዶ በዓይን ይታያል እንጂ በስልክ አይጠየቅም። ለሐዘንተኛውማ መደወል ነውር ነው። ይሄ ልማዳችን ስንቱን ሰው በጭንቅ መንገድ እንዳስኬደ እግዜር ይወቀው።

ካርዱን መግፋቷ ትዝ ያላት ያኔ ነው፤ ትዝ ያላት ግን እንደ እርግማን ነው። ይራቅ አልኩ፣ ራቀ አለች። ከዚያ ያለፈ ማሰብ አልቻለችም። ያም ሆኖ ድርሻዋን አልረሳችም። ከሱቅ የታሸገ አሥራ ሁለት ጠርሙስ ውሃ ገዛች፤ ብርጭቆው ከእድሩ ይመጣል። የቡልጋሪያ ታክሲ ላይ ውሃውን እንደ ሕፃን ታቅፋ ተቀመጠች። ጎኗ ያሉ ሴትዮ አይተዋት፣ ምነው ልጄ ቢሏት፣ አንገቷን ነቀነቀች። ሴትዮዋም ሌላ ሳይጠይቁ ከውሃው ግማሹን ክብደት በእጃቸው ደገፉላት። ዮርዲ የሃፍቶምን ፊት ለማስታወስ ሞከረች፤ የሚመጣላት ቦኖው ጋ ባዶ እጁን ቆሞ መሬት መሬት የሚያየው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ብቻ ነው።

*

ከጋራዦቹ ጀርባ ባለው መንገድ፣ በአቶ ግርማይ በር ላይ ድንኳኑ ተተክሏል። በሩ ተቆልፏል። ቤተሰቡ ሆስፒታል ይሆናል፣ አስከሬን ሊያመጡ ይሆናል ተብሎ ሁሉም በሹክሹክታ ይጠብቃል። ማን እንደሞተ የሚያውቅ የለም፤ የሚጠይቅም የለም። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ እንዲህ አንድ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ልብስ ሰፊው አለ። የቀዩ በር ባለቤት ከዳርቻው ሁለት ታክሲ ለውጣ መጥታለች። ሰዉ ሳያስበው የተቀመጠው እንኳ እንደ ቤቱ አቀማመጥ ነው፤ ከቦኖው በላይ የነበሩት በላይ፣ በታች የነበሩት በታች።

ከሴቶቹ መሀል፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወይዘሮ ሙሉነሽ ተቀምጠዋል። ማንም ምነው አላላቸውም። ቂም ለሕያው ነው፤ ሞት ሲመጣ ሰው ቃሉን ደጅ ጥሎ ይገባል። ዮርዲ እናቷን እዚያ ስታይ ነገሩ እውነት መሆኑን አመነች።

ያኔ የአቶ ግርማይ መኪና መታጠፊያው ላይ ብቅ አለ። ድንኳኑ መንገዱን ስለዘጋ ርቆ ቆመ። አቶ ግርማይ ወረዱ። ባለቤታቸው እትዬ መድኃኒት ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ክንዳቸውን ተደግፈው ወረዱ። መኪናው ማቆሚያ ፍለጋ ወደ ኋላ ተመለሰ። የሰፈሩ ሰው ሁለቱን አየ፣ ጥቁሩን መነጽር አየ፣ በልቡ ቆጠረ፤ አባት አለ፣ እናት አለች። የጎደለው ማን እንደሆነ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባው።

ውሃው ከዮርዲ እጅ ወደቀ። ጠርሙሶቹ ቁልቁል ተንከባለሉ። የምትሄድበትን ሳታውቅ መሀል መንገድ ላይ ቆመች፤ ለወራት በጤፍ ፍሬ ፊደል ስትደብቀው የኖረችው ነገር በሰፈሩ ሁሉ ፊት ወጣ።

«ሃፍቶሜ… ገፋሁህ። በገዛ እጄ ገፋሁህ። ሂድ፣ ሐዋሳም ሂድ፣ የትም ሂድ፤ እኔን አትጠብቀኝ፣ ኑርልኝ ብቻ…»

ሴቶቹ አብረዋት አነቡ። እትዬ መድኃኒት መነጽራቸውን አውልቀው፣ የዓይን ሐኪም ጠብታ ያደበዘዘውን ዓይናቸውን እያሻሹ ግራ ቀኝ አዩ። አቶ ግርማይ የራሳቸውን በር፣ ድንኳኑን፣ ሰዉን ተራ በተራ ተመለከቱ። ድምፃቸው እንደ ልጅ ቀጠነ።

«ሰዎች፣ ማን ነው የሞተብን?»

ከኋላ በኩል፣ የመኪና ቁልፍ በእጁ የያዘ ሰው «ዮርዲ!» አለ።

ዞር አለች። ሃፍቶም ነው፤ ሸሚዙ ወጥቷል፣ ፀጉሩ ተንጨባሯል፣ ቆሟል። አልሮጠችም፣ አላቀፈችውም። በሰፈሩ ፊት እንዴት ታቅፈዋለች። እጇን ዘርግታ የሸሚዙን እጅጌ ጫፍ ብቻ ያዘች፤ ውስጡ ክንድ መኖሩን እስክታምን አልለቀቀችውም።

*

ጋሽ ረጋሳ ስልካቸውን አቀረቡ። ሃፍቶም ጠዋት ሰፈሩ መብራት ጠፍቶ ስልኩ ሞቶበት፣ ቀኑን ሙሉ እናቱን ይዞ ዓይን ክሊኒክ ነበር የዋለው። ሰሌዳውን ከፈተ። የቤታቸው ካርድ ጥቁሩ ክፈፍ ውስጥ ተጋድሟል፤ ያንቀሳቀሰውም ሰው ስም ከጎኑ ተጽፏል። ስሙን ባውራ ጣቱ ሸፈነው።

«በቃ፣ የሲስተም ችግር ነው» አለ። «የኔ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

«እኔ ነኝ» አለች ዮርዲ። «ደብዳቤዬን ጠርገህ ስታስቀረው ተናድጄ ነው። የት እንዳረፈ አላየሁም።»

«እኔ ጠረግኩ?» ሰሌዳውን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ቦኖው ጋ ደረሰ፤ ፊቱ ሲለወጥ ሁሉም አየው። «ጋሽ ረጋሳ፣ ዛሬ ጠዋት አፑ ላይ ምን ምልክት አደረጉ?»

«ወንበሩ ታጥቧል አልኩ። ታጥቧላ። ዕቃ ቤቱ ቦኖው ጋ ነው ብላችሁ የሣላችሁት እናንተ።»

ሃፍቶም ግንባሩን ያዘ። ሥራ ሲያልቅ በሥፍራው ያለ ወረቀት ይነሣ ብሎ ያዘዘው ራሱ ነው፤ የራሱ መጥረጊያ የራሱን ደብዳቤ ጠርጎታል። ዮርዲ ምን ብለህ ጽፈህ ነበር ስትለው፣ ዙሪያውን የከበበውን ሰው አየ፤ መሸሸጊያ የለውም።

«ሐዋሳን ትቻለሁ ብዬ ነበር። እናትሽ በቃኝ እስኪሉ ድረስ፣ አሥር ዓመትም ቢሆን፣ እዚሁ እጠብቃለሁ ብዬ።»

አንዲት ሴት ለእልልታ አፏን ከፈተችና፣ የተቀመጠችበት ድንኳን ትዝ ሲላት በነጠላዋ ከደነችው።

ይህን ጊዜ ወይዘሮ ሙሉነሽ ብድግ አሉ። ዮርዲ የሃፍቶምን እጅጌ ለቀቀች፤ የእናቷን ፊት ታውቀዋለችና፤ የተበላሸ ፈተና ሲያርሙ የሚያሳዩት ፊት ነበር።

«በሰላም ከሆናችሁ እግዜር ይመስገን፣ አቶ ግርማይ። እኔ ልሂድ» አሉ።

አቶ ግርማይ መንገዳቸው ላይ ቆሙ። እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸዋል።

«አትሂጂ፣ ሙሉነሽ። የአምኃን ሞት የሰማሁት ባሥራ አራተኛው ቀን ነው። መንገድ ላይ ቃሪያ የምትሸጥ የሰፈራችን ሴት ነገረችኝ። ዛሬ እሄዳለሁ አልኩ፤ ባሥራ አራተኛ ቀን በየትኛው ዓይኔ አይሻለሁ? ነገ አልኩ። ወር ሲሞላ እግሬ ጨርሶ ከበደ። ጎተራ ድረስ መጥቼ፣ ሕንፃችሁ ሥር ቆሜ የተመለስኩበት ቀን ብዙ ነው።» ወደ ሰዉ ዞሩ። «ድንኳኑ ተተክሏል። ሰፈሩ ሁሉ መጥቷል። እኔ የአምኃን ለቅሶ አላለቀስኩም። ዛሬ አስለቅሱኝ።»

መልስ አልጠበቁም። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በራሳቸው በር ላይ፣ በዚያ ዕድሜያቸው እንደ ጎረምሳ ደረታቸውን መቱ። አምኃ ሓወይ አሉ፣ ወንድሜ ሆይ፣ በእናታቸው ቋንቋ። ፊደል በቅጡ ሳልቆጥር ከትግራይ ስመጣ የመጀመሪያ ማመልከቻዬን የጻፍክልኝ፣ ሱቅ ስከፍት ስሙን በቀለም የጻፍክልኝ፣ በዳማ ሆን ብለህ እየተሸነፍክ የምታስቀኝ፣ ማን ከደነህ፣ ማን ተሸከመህ አሉ። ልብስ ሰፊው አነባ። የቀዩ በር ባለቤት አነባች። እኛም አልነበርንም፣ እኛም መኪና ላይ ነበርን የሚል ድምፅ ከዚህም ከዚያም ተነሣ። ቤት ብቻ አይደለም የፈረሰው፤ የመሰነባበቻ ቀን ነበር የፈረሰባቸው። ለዓመት ከስምንት ወር በየኮንዶሚኒየሙ ተከፋፍለው ለየብቻ የያዙትን ሐዘን ያን ቀን አንድ ላይ አወረዱት።

ወይዘሮ ሙሉነሽ እንደቆሙ ነበሩ። ባላቸው ሲቀበሩ ያላለቀሱ ሴት ናቸው፤ የሚያስለቅስ ሰው አልነበረምና። እትዬ መድኃኒት በደበዘዘ ዓይናቸው እየዳሰሱ መጥተው አቀፏቸው። ያን ጊዜ ዮርዲ በሕይወቷ ሰምታው የማታውቀው ድምፅ ከእናቷ ወጣ። ልትሮጥ ስትል ሃፍቶም በዓይኑ ከለከላት። ተያት፣ ይውጣላት የሚል ዓይን ነበር። ተወቻት። በእናቷ ልቅሶ ውስጥ አባቷ ገና አሁን በወግ ሲሸኙ ታያት፤ የገዛ እንባዋም ሳያቃጥላት ወረደ።

ሲረጋጋ በሩ ተከፈተ፤ ለቅሶ የደረሰ ሳይቀምስ አይሄድምና ሰዉ ገብቶ የእድሩ ሴቶች የቀቀሉትን ንፍሮ ዘገነ፣ ዮርዲ ያመጣችውን ውሃ ጠጣ። ጋሽ ረጋሳ ከሞተ ሰው ቤት እንዲህ ያለ ደስ የሚል ዕለት አላየሁም ብለው ተቆጡ፣ ተሳቀባቸው። ሲመሻሽ ወይዘሮ ሙሉነሽ ፊታቸውን ታጥበው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ለመሄድ ተነሡ። በሩ ላይ ከአቶ ግርማይ ፊት ቆሙ።

«ግርማይ» አሉ፤ አቶውን ትተውታል። «ሽማግሌ ስትልክብኝ ረጋሳ እንዳይኖርበት። ወሬ ያበዛል።»

አቶ ግርማይ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ደጋግመው።

ሃፍቶም ጎተራ ሊያደርሳቸው ቁልፉን አነሣ። መኪናው ሩቅ ነው፤ መንገዱም ጎድጓዳ ነው። ወይዘሮ ሙሉነሽ ሳይጠይቁ ክንዱን ያዙት። ልጁ እርምጃውን በእሳቸው እርምጃ ልክ አሳጠረ። አቶ አምኃ ወጣት ሳሉ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም ለልጃቸው እንኳ ነግረዋት የማያውቁትን፣ ስለ አንድ የክረምት ቀንና ስለ አንድ ጃንጥላ ይነግሩት ጀመር። ዮርዲ ከኋላቸው ነበረች። ልትደርስባቸው ትችላለች፤ ሁለት እርምጃ ነው። ግን አልፈለገችም። እናቷ በጨዋታው መሀል ሳቅ ሲሉ ሰማችና፣ ያ ሳቅ እንዳይቋረጥ ብላ እግሯን ቀስ አደረገች።